የሰኞ ሸክም

ያን ሳምንት ሳንቃን አንድ ቦታ የሚያቆማት ጠፋ። በምትሠራበት የቤት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ጋሪው ላይ የጫነችውን ቁም ሳጥን መልሳ ታወርዳለች፣ የተጠረገውን ትጠርጋለች፣ የተዘጋውን በር ሄዳ ትነካካለች። አለቃዋ «ኧረ ተይ፣ አንቺን እያየሁ እኔ ደከመኝ» ቢላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሐሳቧ ሁሉ ሰኞ ላይ ነበር።

ሳንቃ የሚለውን ስም ያወጡላት የምትታገልበት ክለብ ልጆች ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቃ ቀኝ ጉልበቷ ተቀዶ ተሰፋ፤ ከዚያ ወዲህ ከወንበር ከፍታ በታች አይታጠፍም። ቢለምኑት አይታጠፍ፣ ቢቆጡት አይታጠፍ። የክለቡ ሕግ ደግሞ ከጉልበቷ የባሰ ግትር ነው። ለውድድር ስም ከመጻፉ በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማንም ታጋይ በክብደት የሚስተካከለውን ሰው ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ይልና ይነሳል። ያልተነሳ አይጻፍም። ለአንድ ቦታ የሚፎካከሩ ሁለት ሰዎች ግን ሁለቱም ቢነሱ ወይም ሁለቱም ቢወድቁ በትግል ይለያሉ። በሳንቃ ክብደት ያለው ቦታ አንድ ነው፣ የሚፎካከሩበት ግን ሁለት ናቸው፤ እሷና ታናሽ እህቷ ሚጡ።

ሳንቃ መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ቁጢጥ ልበል ብላ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ሆነና ጉልበቷ አብጦ ሁለት ሳምንት አነከሰች። መላውን ያመጣችው ሚጡ ናት። አንድ ቀን ያንን ጉልበት እንደ ልብስ ሰፊ በስንዝር ለክታ፣ «እትዬ፣ ከዚህ ጋር አትጣይ፤ እንቢ ያለውን ትተን እሺ በሚለው እንሥራ» አለቻት። ቀኙ እግር ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ሸክሙን ግራው ብቻውን እስከ ታች ይዞት ይወርዳል። ቀኙንም ቢሆን አልተዉትም፤ የተጫነ ጋሪ ወደ ኋላ እየተራመዱ መጎተት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት፣ ሳጥን ላይ ቁጭ ብድግ። እህትማማቾቹ ሦስት ወር ሙሉ ተራ በተራ እየተሸካከሙ ሠሩ። በመጨረሻው ላይ ሲታገሉ ሚጡ ከአምስት አንዴ እንኳ አታሸንፋትም ነበር። ሳንቃ አንዴ እግር ይዛ መግፋት ከጀመረች የሚመልሳት አልነበረም።

ሰኞ ደረሰ። ሳንቃ ሚጡን ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ቀኟን ዘረጋች፣ በግራዋ ወረደች፣ ተነሳች። ልጆቹ አጨበጨቡ። አሰልጣኙ ግን እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አላነሳም።

«ይሄ ቁጢጥ አይደለም» አለ።

«ጉልበቴ አይታጠፍም እኮ፣ አሰልጣኝ። ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ለአንቺ ብዬ ብተወው ነገ ሌላው ወገቤን አመመኝ ይለኛል። አልቆጥረውም።»

የሳንቃ ደም ፈላ። የሦስት ወር ልፋት በአንድ ቃል ገደል ገባ። ግን ምን ታድርግ፤ ተራው የሚጡ ነበርና ሳንቃ ትከሻዋ ላይ ወጣች።

ሚጡ ወረደች፤ እዚያው ታች ቀረች። እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ «አልቻልኩም» እያለች አቃሰተች። አሰልጣኙ «ሁለቱም ወደቁ፣ በትግል ይለዩ» ሊል ነው።

ይህ ሌላ ሰው ያታልል ይሆናል እንጂ ሳንቃን አያታልልም። ይህን ትከሻ ሦስት ወር ተቀምጣበታለች። ሚጡ የእውነት ሲደክማት ትንፋሿን ውጣ ዝም ነው የምትለው። ይሄ ማቃሰት ከአንገት በላይ ነው። ሳንቃ ገባት፤ ገብቷትም ዝም አለች። ዝም ካለች ትግል አለ፤ ትግል ካለ ቦታው የእሷ ነው። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ያንን ቦታ በልቧ ያዘችው፣ ደስም አላት። ከዚያ ሚዛኗን ለመጠበቅ የያዘችው የሚጡ ግንባር ተሰማት። ላብ የሚባል ነገር የለበትም። አፈረች።

ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «ተነሺ» አለቻት።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«እኔን ነው የምትዋሺው? ተነሺ።»

«ዝም በይ፣ በእናታችን።»

«ካልተነሳሽ ወርጄ እነግራቸዋለሁ።»

ሚጡ ጥርሷን ነክሳ ተነሳች፤ ምንም እንዳልተሸከመች ሁሉ ቀጥ ብላ ቆመች። አሰልጣኙ እስክሪብቶውን አውርዶ የሚጡን ስም ጻፈ።

ሳንቃ ከትከሻዋ ስትወርድ ሚጡ በንዴት ቀልታ ጠበቀቻት። «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ብንታገል ታሸንፊኝ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ሳንቃ፤ ልጆቹ ሁሉ እያዩዋት፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቆማ አለቀሰች።