የታናሹ ክምር

ዜፌሪኖ የተወለደባት መንደር ሪባቬንቶ ሲደርስ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። የተከራየውን መኪና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቁሞ ወደ ባሕር ዳርቻው ወረደ፤ ጫማውን ግን አላወለቀም። ይህችን ነገር አሸዋው ላይ የባሕር ሣር የሚያሰጡት ሴቶች ወዲያው አዩአት። በሪባቬንቶ ነሐሴ ላይ በጫማ አሸዋ የሚረግጥ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ አንድም ቄሱ፣ አንድም መንገድ የጠፋው ቱሪስት። ዜፌሪኖ ደግሞ ቄስ አይመስልም።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሃያ ስምንቱን ሉክሰምበርግ ውስጥ የሰው ግድግዳ ሲለስን ጨርሶታል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ልጅ አልወለዱም። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ፣ በመስኮቱ የጎረቤቱን ግድግዳ ሲያይ ውሎ፣ አገሩ መግባት እንዳለበት ቆረጠ። የመጣው ለጉብኝት አይደለም፤ ሊኖር ነው። ለመኖር ግን ታላቅ ወንድሙን ቤልሚሮን መለመን ነበረበት፤ ከቤልሚሮ ጋር ደግሞ ቃል ከተለዋወጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሪባቬንቶ እያንዳንዱ ቤተሰብ በጀልባው፣ በመቅዘፊያው፣ በዕቃው ሁሉ ላይ የሚቀርጸው ምልክት አለው። የአባታቸው የጃሲንቶ ምልክት መስቀል ነው፣ ከሥሩ ግማሽ ክብ። ታላቅ ልጅ ምልክቱን ሲወስድ አንድ ጭረት ይጨምርበታል። ታናሹ ምንም አይጨምርም፤ ያባቱን እንዳለ ይወስዳል። ምክንያቱም ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀረው፣ ሾርባ የሚያጎርሰው፣ ዓይናቸውንም የሚከድነው ታናሹ ነው። እንግዲህ ወጉ እንዲያ ይላል። ዜፌሪኖ ምልክቱን ወሰደና ሄደ። ሾርባውን ያጎረሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አባቱን ከአልጋ ወደ ወንበር የተሸከመው፣ ዓይናቸውንም የከደነው ባለ ጭረቱ ቤልሚሮ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዜፌሪኖ ራሱ ሳይመጣ ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ላከ። ያን ሳምንት የአንድ ሆቴል ልስን የሚያልቅበት ጊዜ ነበር። አለቃው ፈቃድ ይከለክለው እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ አልጠየቀውም። ለሚስቱ ተከለከልኩ ብሎ ነገራት፤ እሷም ይህንኑ እንዳመነች ሞተች።

በዚህ መንደር ደግሞ ባሕር ዳርቻው ላይ ቦታ የሌለው ሰው ቤት ቢኖረውም እንግዳ ነው። ቦታ ማለት በበጋ ማዕበሉ የሚተፋውን የባሕር ሣር ጎትቶ የሚያደርቅበትና የሚከምርበት፣ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ የተለካ አሸዋ ነው። ሣሩ ለድንቹና ለሽንኩርቱ ማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ክምሩ ላይ ምልክት ያለበት ጣውላ ይሰካል፤ ያን ክምር ሌባ እንኳ አይነካውም። ሦስት በጋ ምልክቱ ያልቆመ ሰው ቦታውን ያጣል። ዜፌሪኖ የእሱ ቦታ ድሮ እንደሄደ ቆጥሮ ነው የመጣው። ያሰበው ትንሽ ነገር ነበር፤ ቤልሚሮን «አጠገብህ አቁመኝ» ሊለው።

«ቆይ ቆይ፣ ይህን አፍንጫ አውቀዋለሁ!» አሉ እትዬ አርሚንዳ። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ የእናቱ የልብ ጎረቤት ነበሩ፤ እስከ ጉልበታቸው ርሰው እርጥብ ሣር ይበትናሉ። «የጃሲንቶ አፍንጫ ነው። አንተ ዜፌ! በሕይወት አለህ እንዴ?»

«አለሁ እትዬ። እንደምን ሰነበቱ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ባሕሩም አልፈለገኝም። አንተ ግን ወፍረሃል! እዚያ አገር የምትለስነው በኖራ ነው በቅቤ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዜፌሪኖም ሳቀ። ነፋሱ ያው የድሮው ነበር፣ ፊት ላይ አሸዋ የሚበትነው። በሰሜን በኩል ጥቋቁሮቹ ዓለቶች ላይ ማዕበሉ ይፈነዳል፤ ጉሙ ገና አልተነሣም። ወደ ቤተሰቡ ቦታ፣ በሁለቱ ነጫጭ ድንጋዮች መካከል ወዳለው አሸዋ ዞረ።

አንድ ክምር ቆሟል። በገለባ ጥሩ አድርጎ ተከድኗል፤ አናቱ ላይ ጣውላ ተሰክቷል። ጣውላው ላይ መስቀል፣ ከሥሩ ግማሽ ክብ። ጭረት የለውም።

ከክምሩ ጎን ሌላ ክምር የተነሣበት ጥቁር ክብ አሸዋው ላይ ይታይ ነበር፤ የትራክተር ጎማ ፈለግም ከዚያ ተነሥቶ ወደ መንገዱ ይወጣል። ዜፌሪኖ ይህንም አይቶታል። ዓይኑ አየው እንጂ ልቡ አላየውም። ሰው ጥፋቱን ይዞ ሲመጣ የሌላውን ጥፋት ለማግኘት እንዴት ይቸኩላል! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥፋተኛ ሆኖ የኖረው ሰውዬ ድንገት ተበዳይ ሆነ፤ ለትንሽ ጊዜም ደስ አለው ማለት ይቻላል።

«ይሄ የማን ነው?» አለ።

እትዬ አርሚንዳ ለሴቶቹ ጠቀሱአቸው። በሪባቬንቶ ደስ የሚል ነገር በቀጥታ አይነገርም፤ መጀመሪያ ትንሽ ይቀለድበታል። «የማን ይመስልሃል? እስኪ ገምት» አሉት። ይህችን ቀልድ እስኪሞቱ ድረስ ሲጸጸቱባት ኖሩ።

«መገመት አያስፈልገኝም። ያባቴን ምልክት አውቃለሁ» አለ ዜፌሪኖ። ድምፁ ከፍ አለ። «ቤልሚሮ ጭረቱን ፍቆ ወሰደው! እኔ እሞታለሁ ብሎ ነው? ሞቻለሁ ብሎ ነው?»

«ኧረ ተው፣ መጀመሪያ ጠይቅ...»

«ምን እጠይቃለሁ? ማንበብ አልረሳሁም!»

በጫማው ክምሩ ላይ ወጣ፣ ጣውላውን ነቀለ፣ ከኪሱ ሰንጢውን አወጣ። «የሱ ይሄ ነው!» አለ ጣውላውን ለሴቶቹ ከፍ አድርጎ እያሳየ። «ባለ ጭረት ነው! ሲወለድም ባለ ጭረት ነው!»

«ሰንጢውን ክተት! አንተ ልጅ፣ ሰንጢውን ክተት አልኩህ!» ብለው እትዬ አርሚንዳ እየሮጡ መጡ። ግን የእሳቸው እግር የሰማንያ ዓመት ነው። ጭረት ደግሞ ጊዜ አይፈጅም። ከመስቀሉ ጎን ረጅም፣ ጥልቅ፣ ነጭ ጭረት ወጣ፤ ስንጥሩን ነፋሱ ወሰደው።

እትዬ አርሚንዳ አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ቤልሚሮ የራሱን ክምር ዛሬ ጠዋት በትራክተር ወስዶታል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ያንተ ነው።»

«የኔ?»

«በየበጋው ሁለት ክምር ይሠራል። መጀመሪያ ያንተን፣ ቀጥሎ የራሱን። ሦስት በጋ እንዳያልፍብህ ብሎ አንድም አላሳለፈ። ዘንድሮ ወገቡ እንቢ ብሎት ተንበርክኮ ነው የከመረው። እየሳቅን ለማን ነው የምትደክመው ስንለው፣ ይመጣል ይለናል። ሌላ መልስ የለውም፤ ይመጣል።»

ዜፌሪኖ ጣውላውን እንደያዘ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ከየት እንደሆነ የማያውቀው ነገር ትዝ ያለው፤ ስድስት ወይ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እዚሁ አሸዋ ላይ፣ ወደ ብራዚል ሊሄድ የተነሣው አጎታቸው ቦታውን ለሌላ ሰው ሲያስረክብ። ጽሑፍ አልነበረም፣ ፊርማ አልነበረም። አጎታቸው ጣውላውን ነቀለ፣ ለሰው ሁሉ አሳየ፣ በገዛ ሰንጢው የተቀባዩን ጭረት ቀረጸበት። አለቀ። ባለቤቱ በገዛ እጁ፣ በሰው ፊት የጨመረው ጭረት ቦታውን ከነምልክቱ ያስተላልፋል። ጭረት ይጨመራል እንጂ አይነሣም።

የትራክተሩ ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ።

ቤልሚሮ ሰባ ዓመቱ ነው። ከትራክተሩ ሲወርድ መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያ የቀረውን አወረደ። ዓይኑ ደክሟልና ቀረብ ብሎ ነው ያወቀው።

«መጣህ» አለ።

«መጣሁ ጋሼ።»

«ወፍረሃል።»

«ነገሩኝ።»

ቤልሚሮ ፈገግ አለ። ይህ ሰው ሲስቅ ያዩት ጥቂት ናቸው፤ ጥርሱ እንደ አባቱ ወደ ግራ የተጣመመ ነው። ወደ ሴቶቹ ዞሮ «ምን አልኳችሁ?» አላቸው። ከዚያም ለዜፌሪኖ፦ «አሳዩህ? ዘንድሮ ሣሩ ወፍራም ነው። ያባባን ማሳ እስከ ግንቡ ድረስ ያለብሰዋል። መሬቱን አላስራብኩብህም...» ብሎ ክምሩን ሲያይ አናቱ ባዶ ነው። «ጣውላው የት ሄደ?»

ዜፌሪኖ እንደ ልጅ ከጀርባው ደብቆት ነበር። ሰጠው።

ቤልሚሮ በዓይኑ አላነበበውም። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ መስቀሉን፣ ግማሽ ክቡን፣ ከዚያ ጣቱ አዲሱ ጭረት ላይ ቆመ። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሄደ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዜፌሪኖ። «ምልክቱን የወሰድክብኝ መስሎኝ። እልህ ያዘኝ። ጋሼ፣ መሰለኝ።»

«በሰው ፊት?»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ቅድም ከሁሉ በላይ የሳቀችው፣ ወደ ባሕሩ ዞረችና «ቤልሚሮ፣ ላጠው። እኛ ምንም አላየንም» አለች። ሌሎቹም ዞሩ። እትዬ አርሚንዳ «እኔ ደግሞ ዓይኔ ከታመመ ስንት ዘመኑ» አሉ። ለወግ ሲሉ ከወንድሞቻቸው ጋር የተኳረፉ ሴቶች ናቸው እንዲህ ያሉት። ዜፌሪኖ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ።

ቤልሚሮ ሰንጢውን ከዜፌሪኖ እጅ ተቀበለ። ስለቱን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሰንጢውን አጥፎ መለሰለት።

«ጭረት የሚላጥ ቢሆን የራሴን በላጥኩ ነበር» አለ።

ሁሉም ያውቃሉ። አባታቸው የተቀበሩ ዕለት መንደሩ በሙሉ «ጭረትህን አንሣ፣ ምልክቱ ላንተ ይገባል፣ የጦርከው አንተ ነህ» ብሎታል። ቄሱ ሳይቀሩ ብለውታል። «ታናሹ በሕይወት አለ» ብሎ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ማንሣት ካልተቻለ ዛሬ እንዴት ይቻላል? ቤልሚሮ ጣውላውን ክምሩ አናት ላይ መልሶ ሰካው። የጃሲንቶ ምልክት ያለ ጭረት ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ባሕር ዳርቻ አልቆመም።

«እንግዲህ የኔ ነው» አለ ቤልሚሮ፤ ሰው የሞት መርዶ ሲቀበል እንደሚናገረው ነው የተናገረው። «እንጫን።»

ዜፌሪኖ ጫማውን አወለቀ። ጎን ለጎን ሆነው በመንሽ ሣሩን ወደ ተሳቢው መወርወር ጀመሩ። ደረቁ ሣር ቀላል ነው፤ ሽታው ግን ከባድ ነው፣ ጨውና አዮዲን። ግማሹን ሲያደርሱ ዜፌሪኖ መንሹን ተደግፎ ቆመ።

«አለቃዬን አልጠየቅሁትም» አለ። «ለአባባ ቀብር። አልከለከለኝም። አልጠየቅሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቃለህ? ማንም አያውቅም።»

«ቢከለክልህ ተጣልተህ ትመጣ ነበር» አለ ቤልሚሮ መንሹን ሳያቆም። «አውቅህ የለ?»

ዜፌሪኖ መንሹን እንደገና አነሣ። ሲጠላኝ ኖረ ብሎ ያኮረፈው ሰው የባሰውን ሁሉ አውቆ፣ አውቆም እየተንበረከከ ሲከምርለት ኖሯል። ይህ ከስድብም ከጥፊም በላይ አመመው። ያጣው ቦታ አሸዋ ነው፤ አሸዋውን ግን አሥራ ዘጠኝ በጋ በጉልበቱ ያቆየለት ሰው አጠገቡ ቆሞ ያልበዋል፣ ውለታውን የሚመልስበት ነገር ደግሞ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲመለስ አዲስ ሣር ይዞ መጣ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን አሸርጠው ወደየቦታቸው ገቡ። ቤልሚሮ ከተሳቢው ሥር ረጅም የእንጨት መጎተቻ አወጣ።

«የአባባ ነው» አለ። «እጀታው ላይ ምልክቱ በእጅ ብዛት ጠፍቷል። አንተ ብትይዘው ማንም አይናገርም።»

«የት ልቁም ጋሼ?»

ቤልሚሮ ዙሪያውን አየ፤ ወንድሙን ግን አላየውም። አንገቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥቋቁሮቹ ዓለቶች መለሰ። እዚያ ሣር ብዙ አይደርስም፤ ማዕበሉ ክፉ ነው። ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች፣ ምልክት የሌላቸው፣ እንዲቆሙ የሚፈቀድላቸው እዚያ ነው፤ ምልክቱን በገዛ እጁ ያስተላለፈም በወንድሙ አጠገብ እንኳ አይቆምም።

ዜፌሪኖ መጎተቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ በባሕሩ ጠርዝ ሄደ። በሰዎቹ ቦታዎች ሲያልፍ እያንዳንዷ ሴት ሥራዋን ገታ አድርጋ መንገድ ሰጠችው፤ ለእንግዳ እንዲያ ይደረጋል። ዓለቶቹ ጋ ሲደርስ ውኃው እስከ ጭኑ ገባ። ቅዝቃዜው ትንፋሹን ቆረጠው። ዞሮ ወደመጣበት ማየት ፈለገ፤ ዞረም።

«ዜፌ!» የሚል ጩኸት ከሩቅ መጣ። ነፋሱ ግማሹን ቢበላውም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ጩኸት ነው። «ዜፌ! ጀርባህን ለባሕር አትስጥ!»

ፊቱን ወደ ማዕበሉ ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ አየው። ቤልሚሮ በሁለቱ ነጫጭ ድንጋዮች መካከል፣ ለሁለት ሰው በተለካ ቦታ ላይ፣ ብቻውን ቆሞ ነበር።