የክላይቭ በሽታ ስም

«አንጀቱን ነው የኔ እመቤት፤ የአንጀት ካንሰር። አዎ፣ ከፋሲካ ወዲህ ነው የጠናበት።»

ሎሬይን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ቆንጥጣ፣ በሁለት እጇ ሳህን እያደረቀች ነው የምታወራው። ኔቪል ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይሰማታል። ከቅዳሜ ወዲህ ይህንኑ ስትደግመው ዘጠነኛዋ ነው።

ሎሬይን የኔቪል ባል የሟቹ የክላይቭ ታላቅ እህት ናት። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ማረፉን እንደሰማች ከሆርሻም አራት ሰዓት መኪና ነድታ ፉትስክሬይ፣ ኔቪል ቤት ገባችና፣ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቱን ተረከበች። ቀብሩ ዓርብ ነው። እስከዚያው ሰው ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አንድ ትሪ ላዛኛ አስቀምጦ ይሄዳል። ትሪው እንዳይጠፋ ከሥሩ የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፏል። ማቀዝቀዣው ሞልቶ አልዘጋ ብሏል። ሰፈሩ ኔቪልን በላዛኛ ሊያጽናናው የተማማለ ይመስላል።

ኔቪል ሎሬይንን አላረማትም። ይሉኝታ ያዘው ማለት ይቻላል፤ እውነቱ ግን እሱም እፎይ ብሏል። ክላይቭን የገደለው የአንጀት ሳይሆን የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ይህን ደግሞ ሻይ ይዞ ለተቀመጠ ጎረቤት እንዴት ይነግሩታል? እሷም እሁድ ዕለት ጠጋ ብላ፣ «ሆርሻም ትንሽ ከተማ ናት ኔቭ። የወንድሜ ስም ከዚያ ቦታ ጋር አብሮ እንዲነሳ አልፈልግም» ብላዋለች። አንጀቱን በላችው።

ክላይቭ ቢሰማ ግን ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመው ነበር።

ሠላሳ ዓመት ትራም የነዳ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሆዱ ገር የሆነ ሰው ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ወዳጆቹ በየሳምንቱ ሲቀበሩ፣ ወላጆቻቸው «የሳንባ ምች ነው»፣ «የደም ካንሰር ነው» እያሉ ሲሸፋፍኑ ደሙ ይፈላ ነበር። አንድ ቀን የአንዱ ወዳጁ ፍትሐት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ብድግ አለና፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ዴርሞት የሞተው በኤድስ ነው። ጓደኛዬ ነበር፤ እኔ አላፍርበትም» ብሎ ተቀመጠ። ያኔ የትምህርት ቤት አትክልተኛ የነበረው ኔቪል ከኋላ ወንበር ሆኖ አየው፤ በቃ፣ በፍቅር አለቀለት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው ነበረ፤ መድኃኒቱ ደረሰላቸውና አብረው ሸመገሉ። ሕጉ ሲፈቅድላቸው ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ ተጋቡ።

እንዲህ ያለው ደፋር ሰው አንዲት ጣት ፈራ።

ሐኪማቸው ዶክተር ፋም በየስድስት ወሩ ደማቸውን ታያለች፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ትጠይቃለች፤ «ይኼ ካንሰር ቫይረሱ ባለባቸው ወንዶች ላይ ይበዛል። ጓንት አድርጌ በጣቴ ልዳስስህ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።» ክላይቭም በፍቅር እንደተጠየቀ ሰው፣ «እንግዲያው መጀመሪያ እራት ጋብዢኝ» ይላታል። ይስቃሉ። ለከርሞ ይተላለፋል። ማክሰኞ ማክሰኞ አብረዋቸው ምሳ የሚበሉት ታካሚዎቿ ሽማግሌዎች በሙሉ ይችን ቀልድ ተቀባብለዋታል፤ ምስኪኗ ሐኪም ከስንቱ አፍ እንደሰማቻት እሷ ትቁጠረው። ኔቪል ራሱ በየዓመቱ ይመረመር ነበር። በክላይቭ ቀልድ ግን አብሮ ሳቀ። አሁን ሆዱን የሚበላው ይኸው ሳቅ ነው።

ደም መታየት ሲጀምር ክላይቭ «ኪንታሮት ናት» አለና ከፋርማሲ ቅባት ገዛ። «ከገና በኋላ እታያለሁ» አለ። ገና አለፈ፤ «ፋሲካ ይለፍና» አለ። ፋሲካ ሲያልፍ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆስፒታል ነገር ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ስታቭሮስ መጣ። ሶፋ አልባሽ ነው፤ እሱም ቫይረሱ ያለበት፣ እሱም የዶክተር ፋም ታካሚ፣ እሱም የማክሰኞው ምሳ ባልደረባ። ላዛኛ ባለማምጣቱ ብቻ ኔቪል ሊስመው ምንም አልቀረውም። የያዘው የዘጠና ዓመት እናቱ የጋገሩትን ጎመንና አይብ ያለበት ቂጣ ነው።

«እማዬ ናት የላከችው» አለ። «ኔቪል ከስቷል፣ አንተ ደግሞ ወፍረሃል፣ መንገድ ላይ እንዳትነካው ብላኛለች።»

«ነክተኸዋል።»

«ጠርዙን ብቻ። አዝኜ እኮ ነው።»

ጓሮ ወጡ፤ የነሐሴው ብርድ ቢቆነጥጥም ፀሐይ ነበረች። ኔቪል ወንበር ሳበለት።

«ቁጭ በል እንጂ።»

«መቆም ይሻለኛል።»

ቆሞ ስለ ክላይቭ አወራ፤ አንድ ቀን ትራሙን አቁሞ ወርዶ አንዲት አሮጊት መንገድ እንዳሻገረና ከኋላው ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን እንዳንባረቀበት። እየሳቀ አለቀሰ። በመጨረሻ ሲደክመው ተቀመጠ፤ የተቀመጠው ግን በአንድ ጎኑ፣ በወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። አምና ሙሉ ክላይቭ የሚቀመጠው እንዲህ ነበር።

«ስታቭ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ያቺ ኪንታሮት ናት። ትንሽ ደም አለ፣ ያሳክካል፤ ከሰኔ ወዲህ ነው።» እጁን አወናጨፈ። «መጀመሪያ የክላይቭን ስሰማ እኔም ደንግጬ ነበር። ግን ያቺን መንግሥት በፖስታ የሚልካትን፣ ሰገራ ቀንሰህ የምትመልስባትን የአንጀት ምርመራ አምና አድርጌ ነጻ ነህ ተብያለሁ። እኔ የምለው፣ ክላይቭ ምነው ሳያደርጋት ቀረ? ሰነፍ።»

«አድርጓታል» አለ ኔቪል። «ሁለት ጊዜ። ሁለቴም ነጻ ነህ ብለውታል።»



ወጥ ቤት ውስጥ የሎሬይን የሻይ ስኒ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ዝም ካለ ዛሬም እንደ ሰሞኑ በሰላም ይመሻል። ዝም ካለ ግን ይኸኛውንም ይቀብራል።

«አንጀት አይደለም ስታቭ። ዋሽተናል። የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ያቺ የፖስታዋ ምርመራ ይህን አታገኘውም። የሚያገኘው የዶክተር ፋም ጣት ነው፤ ክላይቭ ደግሞ በየዓመቱ እራት ጋብዢኝ ሲላት ኖረ።»

ቀና ሲል ሎሬይን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ትሪውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከቀብሩ በኋላ እሄዳለሁ» አለ ስታቭሮስ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ሰው ሊቀበር ነው፤ እኔ ስለ ኋላዬ…»

«እሱም ከገና በኋላ ነበር ያለው» አለ ኔቪል።

ሎሬይን ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ስታቭሮስ ጭን ላይ አስቀመጠች። «ደውል» አለችው። «አሁን፣ እዚሁ እያየሁህ። ቦታ የለንም ካሉህ ለኔ ስጠኝ፤ እንዴት እንደሚገኝ እኔ አሳያቸዋለሁ።» ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠችና ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች። «ውሸታችን የሚጎዳው ሰው እንዳለ መቼ አወቅሁ» አለች ለኔቪል። «ለስሙ ብዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም እኮ ዝም ብያለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒክ ሄዱ። ስታቭሮስ ብቻዬን አልገባም ስላለ ኔቪል አብሮት ገባ። ዶክተር ፋም ኔቪልን ስታይ ምንም ሳትል አቀፈችው፣ ቆየችም። ከዚያ ጓንቷን አጠለቀች።

«መጀመሪያ…» ብሎ ጀመረ ስታቭሮስ። ሊጨርሰው አልቻለም።

«በግራ ጎንህ ተኛ፣ ጉልበትህን ወደ ሆድህ ሳብ» አለችው ለስለስ ብላ። «ካመመህ ንገረኝ፣ አቆማለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኔቪል ከራስጌው ተቀምጦ ትከሻውን ያዘው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«አንዲት ጠጠር ያለች ነገር ነክቻለሁ» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች። «የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ምንም ላትሆን ትችላለች። የዛሬ ሳምንት አንድ ስፔሻሊስት በመሣሪያ አይቶ ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ ይወስድልሃል። የምፈራው እንኳ ብትሆን፣ በዚህ መጠኗ የምትድን ናት። በጊዜ መጥተሃል።»

በጊዜ መጥተሃል። ኔቪል ወለሉን ተመለከተ። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው። ቀናበትም፤ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ወዳጁ ላይ እዚያው ቁጭ ብሎ ቀና። ይችን ቃል ለክላይቭ የነገረው ማንም አልነበረም።

ሐኪሟ ወረቀት ልትጽፍ ወጣች። ስታቭሮስ ሱሪውን ታጥቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ በአንድ ጎኑ። ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ክሩ ሁለት ጊዜ አመለጠው።

«ተወው፣ አምጣ» አለ ኔቪል። አንድ እጁን አልጋው ላይ ተደግፎ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቋ አለ። ግራውን አሰረ፣ ቀኙን አሰረ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ ቋጠረው።

ስታቭሮስ እግሩን ወዘወዘ። «ኔቭ፣ ላልቷል እኮ። ሊወልቅብኝ ነው።»

ኔቪል አየው። እውነትም ላልቷል፤ ሁለት ጣት ያስገባል። የክላይቭ እግር ከሚያዝያ ጀምሮ አብጦ ነበር፤ ጎንበስ ማለትም ስለማይችል በየጠዋቱ የሚያስርለት ኔቪል ነው። ክሩ እንዳይቆርጠው ላላ እያደረገ፣ እንዳይፈታ ደግሞ ሁለቴ እየቋጠረ። እጁ ማንም ሳያዘው ያንኑ ሠርቷል።

የስታቭሮስ ቁርጭምጭሚት ቀጭን ነው፣ አጥንቱ ይታያል፤ እብጠት የለበትም። ኔቪል በመዳፉ ያዘውና ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሁለቱንም ቋጠሮ ፈታ፣ ክሩን ከታች ጀምሮ ሳበ፣ ጠበቅ አድርጎም አሰረለት።