የጮራ ጉልበት

እስቲ መልሱ፤ አጭር ቀሚስ የለበሰች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት፣ የሌለ ሱሪዋን ጉልበቱ ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ከፍ የምታደርገው ለምንድን ነው? ስለ ጮራ ነው የሚጠየቀው፤ ሥጋና ደም ስለሌላት፣ ከብርሃን ተሠርታ መድረክ ላይ ስለምትዘፍነው ልጅ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይህን ቁንጠጣ አይቶ ጮኋል። ወጣቶች መስታወት ፊት ቆመው ተለማምደውታል። ሐያሲ ነኝ የሚል አንድ ሰው «ከሰው ልጅ ልማድ ነጻ የወጣ የማሽን ምናብ» ብሎ በጋዜጣ ሁለት ዓምድ ሞልቶበታል። ሁለት ዓምድ ሙሉ ሲጽፍ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ትዝ አላለውም።

መልሱ የተገኘው ለቅሶ ቤት ነው።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን የሟቹ ታላቅ እህት የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ ዘግታ የወንድሟን የሥራ ቦርሳ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች፤ ቦርሳውም ከእሱ ጋር ወደ ቤት መጣ። ሚስቱ አጠገብ ቆማ ታያለች። ሚስቱን ሰፈሩ ሁሉ ቁልፌ ይላታል፤ ባሏ በሰፋው ልብስ ላይ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ነበረች፣ ስሙንም ያወጣላት እሱ ነው።

ከቦርሳው መጀመሪያ ምሳ ዕቃ ወጣ። ቀጥሎ የጉልበት ማሰሪያ። ከዚያ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ነጫጭ ነጥቦች የተለጠፉበት ጥቁር ልብስ። መጨረሻ ላይ ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ።

እህትየዋ ጫማውን ገልብጣ ቁጥሩን አነበበች። አርባ አራት ይላል።

«ሴት ናት ወይስ የስልክ እንጨት?» አለች በሹክሹክታ።

«የቷ ሴት፣ እትዬ?»

«ተይ እንግዲህ፣ አታድክሚኝ።» ጥቁሩን ልብስ አንሥታ ሆዱ ላይ የተለጠጠውን ቦታ በመዳፏ ዳበሰችው። ፊቷ ተለወጠ። «አርግዛለች።»

በአንድ ሰዓት ውስጥ ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ለቀስተኞቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ በሩን በሩን ያያሉ። ረዘም ያለች ሴት በገባች ቁጥር ዓይን ሁሉ መጀመሪያ ሆዷ ላይ ያርፍና ወደ እግሯ ይወርዳል። እግዜር ያጥናሽ ልትል የመጣች አንዲት የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ተቀምጣ እስክትነሣ ድረስ የምን ጥፋት እንዳጠፋች ሳይገባት ሄደች። ሟች ተነሥቶ አይከራከርም፤ ሐሜተኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ቁልፌ አላለቀሰችም። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብራው ኖራለች። የተዘጋጀ ልብስ ገበያውን ሞልቶት ሱቃቸውን ከዘጉ በኋላ፣ ባሏ መጋዘን ውስጥ ሣጥን እንደሚቆጥር ነግሯት ሁለት ዓመት ሙሉ አምናዋለች። ከሥራ ሲገባ ግራ ጉልበቱን በሞቀ ፎጣ ትጠቀልልለት ነበር። ሣጥኑ ዛሬ ከባድ ነበር ይላታል። ሣጥን የሚቆጥር ሰው ጉልበቱ ለምን ያብጣል? እሷም አልጠየቀችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛ ሳይመጣ፣ ከስፌት መኪናው መሳቢያ ሜትሩን አወጣች። ልብስ ካየች እጇ ዝም አይልም። የጥቁሩን ልብስ ወገብ ለካች፤ መቶ አሥራ ሁለት። የእግሩን ርዝመት ለካች፤ ሰባ አራት። ትከሻውን ዘረጋችው፤ የቀኙ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ዕድሜውን መቀስ ሲገፋ የኖረ ሰው ትከሻ ነው። ብብቱ ሥር ያለው ድርብ ስፌትም የማን እጅ እንደሆነ ሳትነካው አወቀችው።

ያረገዘ ሰው የለም። የባሏ ቦርጭ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ወደ ባዶው አልጋ ዞራ፣ «በዚህ ጫማ ምን ስትሠራ ነበር?»

ጓዳ ስትገባ ምራቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ በስልኳ የጮራን ኮንሰርት ስታይ ደረሰችባት። ምራቷ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ የስልኳ ሽፋን ላይ ግን ጮራ ትስቃለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ትንሽ ልቤ እንዲረጋ ብዬ ነው።»

ቁልፌ ልትቆጣት ጎንበስ አለች። ስልኩ ላይ ጮራ ዞረች፤ ስትዞር ግራ ጉልበቷ ትንሽ ተንገራገጨ፤ ከዚያ የሌለ ሱሪዋን ቆንጥጣ ተቀመጠች።

የሱሪው ተኩስ እንዳይበላሽ ሳይቆነጥጥ ተቀምጦ የማያውቅ አንድ ሰው ታውቃለች። የሠርጋቸው ቀን እንዲህ ነው አጠገቧ የተቀመጠው። አውቶቡሱ ውስጥም እንዲሁ ሆኖ እንደተቀመጠ አልተጠራጠረችም።

«ድገሚው» አለች። ምራቷ ደገመችው። «አንዴ ደግሞ ድገሚው።»

በሦስተኛው ጊዜ ሳቋ አመለጣት። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ደጅ የነበሩት ለቀስተኞች ሐዘኑ አእምሮዋን እንደነካው ተስማሙ።

ትዝ ያላት አንድ እሑድ ነው። ምሳ ላይ ምራቷ ጮራን ስታሞግስ ባሏ ጉርሻውን አየር ላይ አቁሞ፣ ልጅቷ ስትዞር ጉልበቷ አይንገራገጭም ወይ ብሎ ጠየቀ። አባባ እሱ እኮ ነው ያሳበደን አለችው። ያን ቀን ሁለቴ አስጨምሮ በላ። ቁልፌ ባለሙያ ሆኜ ነው ብላ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጮራን የሚያዘጋጀው ኩባንያ አንድ ወጣት ኃላፊ ላከ። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፣ ሻይ ተቀበለ፣ አልጠጣውም፤ ለብቻ ልናገርዎ አላት። ጓዳ ገብተው ሁሉንም ነገራት። ጥቁሩ ልብስ የለባሹን እንቅስቃሴ ይቀዳል፤ የብርሃኗ ልጅ የምትንቀሳቀሰው በእሱ ነው። ባሏን የጠሩት የተቀደደውን እንዲሰፋ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሰፍቶ መስጠት አልበቃውም፤ ስፌቱ መያዙን ሊያይ ራሱ ለበሰው፤ ሱቁ ውስጥ ለደንበኞቹ የቀሚስ አወራረድ ሲያሳይ እንደሚያደርገው እንደ ሴት ወዲያ ወዲህ አለ። ስክሪኑ ላይ ጮራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለች። ከዚያ በፊት የቀጠሯቸው ዳንሰኞች ሁሉ በደንብ ዘለዋል፤ እንዲያ የተራመደ ግን አልነበረም። በዚያው ቀን ለማንም ላይናገር ፈረመ።

«ልብሱን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ በመጨረሻ።

«ውሰድ። መጀመሪያ ግን ወጥተህ ለሰው ንገር።»

«አይቻልም እማማ። ጮራ ውስጥ ሰው የለም ብለን ነው ለሕዝብ የተናገርነው። የሚወዷት ለዚህ ነው።»

«የሚወዷት ለጉልበቷ ነው።»

ኃላፊው ሌላ ነገር አቀረበ። በቅዳሜው ኮንሰርት አንድ ደቂቃ ጸጥ ይባላል፤ ለማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

«ቅዳሜ ማን ይጨፍራል?»

«ተቀድቷል። እንቅስቃሴው ሁሉ እኛ ጋ አለ። ጮራ ትቀጥላለች።»

«እኔ ጥቁር ለብሼ እዚህ ስቀመጥ ባሌ እዚያ ይጨፍራል?»

«እሱ አይደለም እማማ። እሷ ናት።»

ያቃጠላት ይህ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢው «እሷ» ሲል ነው የከረመው፤ ረጅሟ እሷ፣ እርጉዟ እሷ። አንድ ሰው ላቡን አፍስሶ፣ ጉልበቱን ገብሮ፣ ሲሞት ሴሰኛ ተብሎ ይቅር፤ የሠራለት ኩባንያ ደግሞ አፉን ይዝጋ፣ ዝምታውንም ውል ይበለው። ይህ ውል አይደለም። ስርቆት ነው፤ ያውም ከሙት።

ቁልፌ ልብሱን በአንድ እጇ፣ ጫማውን በሌላው ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ኃላፊው ልብሱን ተከትሎ ወጣ። ጨዋታው ሁሉ ቆመ። የሟቹ እህት ጫማውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ቁልፌ ጥቁሩን ልብስ ባዶ ወንበር ላይ አለበሰችው፤ ቦርጩ ወደ ፊት ወጣ፣ የቀኝ ትከሻው ዝቅ አለ። ጫማውን ከሥሩ ጎን ለጎን ደረደረችው። ልብሱን አይተው ከለቀስተኞቹ ሁለቱ ልብስ ሰፊውን ያዩ መስሏቸው ብድግ አሉ።

እሷ አጠገቡ ልትቀመጥ ሆነ። በሕይወቷ ሱሪ ለብሳ አታውቅም። ሁለት ጣቶቿ ግን የጥቁር ቀሚሷን ጉልበት ቆንጥጠው ከፍ አደረጉት፤ ከዚያ ተቀመጠች። ያየቻት ምራቷ ብቻ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«በል ልጄ» አለችው ኃላፊውን፣ «ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው። ጮራ ስትቀመጥ የሚቀመጠው ማን ነበር? ስሙን ጠርተህ መልስ።»