የፈንታነሽ ሦስተኛ ዓመት

ፈንታነሽ የጤፍ ማሳዋን ኬሚካል ሳታስነካ ሦስት ዓመት ልትሞላ የቀራት አጨዳው ብቻ ነበር። እሱ ካለፈ ቢቸና ያለው የገበሬዎች ማኅበር ማሳዋ ከኬሚካል ነፃ ለመሆኑ ምስክር ወረቀት ይሰጣታል፤ ጤፏንም በእጥፍ ዋጋ ይገዛታል። ለዚህ ስትል ፍግ በጀርባዋ ተሸክማለች፣ አረሙን በእጇ ነቅላለች። መንደርተኛው ግን "ፈንታነሽ አረሙን በጸበል ልታስወጣው ነው" እያለ ሲስቅባት ከረመ።

በመስከረም ሞጣ ያለው ወንድሟ አረፈ። ለቅሶ ሄዳ ሁለት ሳምንት ቆየች። ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ አረሙ ታስብ ነበር። አፈር ካልደረቀበት ወንድሟ ይልቅ አረም ማሰቧ አሳፈራት፤ ግን ምን ታድርግ፣ ሆድ አያርፍ!

ጎረቤቶቿ ደጇ ላይ ጠበቋት። "እግዜር ያጥናሽ" አሏት። ከዚያ መሬቷን በየዓመቱ በደቦ የሚያርስላት ባንተአምላክ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣

"ስለ አረምሽ አታስቢ፣ እቴ" አላት። "የኀዘንተኛ ማሳ እያየን አረም ይብላው? አዋጥተን መድኃኒት ገዛን፤ በአንድ ጠዋት ረጭተን ገላገልንሽ!"

"ረጨን አልክ?"

መልሱን አልጠበቀችም፤ ወደ ማሳው ሮጠች። አረሙ ተጠቅልሎ ደርቋል፤ ሽታው ገና አለ። ልደብቀው ብትል አገር ያየው ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመችበትን ውኃ በላው፤ እንደገና ከአንድ ሊቆጠር ነው። ድንበሩ ላይ ቁጭ አለችና "ገደላችሁኝ!" ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ ተከትለዋት ደረሱ። "አልቅሺ እህቴ፣ ይውጣልሽ፤ ወንድም እኮ ነው!" አሉና የሟቹን ስም እየጠሩ አብረዋት ያለቅሱ ጀመር። ወይ ጉድ! ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ተሳድባ በወጣላት። ከየመቀነታቸው ፈትተው ያዋጡላትን ሰዎች በምን አፏ ትርገም?

ባንተአምላክ ክንዷን ይዞ አነሳት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፣ ጥርሷን ነክሳ።

"ኧረ ምን አደረግንና! ለከርሞም ቢሆን እኛ እያለን አረም አትነቅይም፤ እንረጭልሻለን።"

አንድ በሬ እንኳ የላትም፤ እነሱ ካላረሱላት መሬቷ ጦም ያድራል።

"አሜን" አለች።