የአማቴ ግራ እግር

አማቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ፍሪሲዮናቸውን በልተው ጋራዤ በር ላይ ሲደርሱ፣ መኪናቸውን የሚገፉት ሁለት መንገደኞች ነበሩ። እሳቸው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገና ሳይወርዱ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ያስገባህልኝ ዲስክ ካርቶን ነው» አሉኝ።

ድምፃቸው ትልቅ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ በሞተር ጩኸት ላይ መናገር ለምደዋል። አንድ ባለታክሲ ቁልፉን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ነገ እመለሳለሁ ያለ ደንበኛ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

እኔ ከፍሪሲዮን ሌላ ሥራ የለኝም። ሰፈሩም የሚጠራኝ «ፍሪሲዮን» እያለ ነው። በገዛ አማቴ አፍ ስሜ ከጠፋ፣ ጋራዡን ዘግቼ ቤት መቀመጥ ነው የሚቀረኝ።

ካምቢዮውን አውርጄ ዲስኩን አወጣሁት። አልቆ ሳስቷል፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ዲስክ እንዲህ የሚሆነው እግር ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ነው። ሰውየው አልረገጥኩም ይላል፤ እግሩ ግን ተደግፎበታል፤ ዲስኩም ጠበቅ ብሎ ሳይያዝ ሲንሸራተት ይውላል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊት ለፊት እነግረው ነበር። መንዳት ያስተማሩኝንና ልጃቸውን የዳሩልኝን ሰው ግን «እግርዎን ይሰብስቡ» የምለው በየትኛው አፌ ነው?

ለሚስቴ ነገርኳት። «አባዬ? ግማሹን ከተማ ያስተማረ ሰው?» አለችኝ። «ምናልባት አንተ አጥብቀህ አላሰርከው ይሆናል።»

ይኼኔ ደሜ ፈላ። «እኔ እኮ በመጀመሪያው ፈተና ያለፍኩ ሰው ነኝ» አልኳት። ዳገት ላይ ቆሜ፣ መኪናዋ ስንዝር ወደ ኋላ ሳትል የተነሳሁበትን ያን ቀን ለልጆቼም ለደንበኞቼም ስተርክ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።

«ሰምተነዋል» አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ አዲሱን ዲስክ ካስገባሁ በኋላ አንድ ተንኮል ሠራሁ። ከፔዳሉ ሥር ትንሽ ማብሪያ አሰርኩና ሽቦውን ከክላክሱ ጋር አገናኘሁት። ፔዳሉ ትንሽ እንኳ ዝቅ ካለ መኪናዋ ትጮኻለች። ማርሽ ሲቀየር ጩኸቱ አጭር ነው፤ እግር ካረፈበት ግን ማባሪያ የለውም።

«አባባ፣ እስቲ ይሞክሯት» አልኳቸው። ሚስቴን ለምስክርነት ከኋላ አስቀመጥኳት፤ እኔ ከጎናቸው ሆንኩ።

ዋናው መንገድ ላይ እንደወጣን መኪናዋ መጮኽ ጀመረች። አማቴ በመስታወት ወደ ኋላ አዩ። «ይኼ ሰውዬ ምን አስቸኮለው?» አሉ። ከኋላችን ሚኒባስ ነበር፤ ጥግ ይዘው አሳለፉት። ጩኸቱ ቀጠለ። አንዲት የቤት መኪና አሳለፉ፤ ቀጥሎ የጭነት መኪና አሳለፉ። «እለፍ በቃ፣ መንገዱ ያንተ ነው» እያሉ፣ እጃቸውን በመስኮት እያወጡ የመጣውን ሁሉ አሳለፉ። በመጨረሻ ከኋላችን የቀረው ጋሪ የሚገፋ ሰው ብቻ ነበር። አማቴ አተኩረው አዩት።

«ይኼስ ክላክሱን ከየት አመጣው?» አሉ።

ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ እስቲ ግራ እግርህን አንሳ» አለቻቸው።

አነሱ፤ ጸጥ አለ። መለሱት፤ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ ጥግ ይዘው አቆሙና እግራቸውን እንደማያውቁት ሰው ሲያዩት ቆዩ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። አንጀቴን በሉት።

«አንተ ንዳ» ብለውኝ ቦታ ተቀያየርን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ቀይ መብራት ያዘን። ዞር ስል ግራ እግራቸውን አየሁት፤ ምንም ፔዳል በሌለበት ምንጣፉን ጫን አድርጎ ይዟል።

«በዚህ በኩል ሠላሳ ዓመት ስቀመጥ የራሴ ፔዳል ነበረኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ተማሪው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ እኔ እይዝለታለሁ። ይቺ እግር አርፋ አታውቅም። ጡረታ ወጥተናል ብላትም አትሰማኝም።»

«በፈተናስ ቀን?» አልኳቸው፣ ለወሬ ያህል።

«ፈታኙ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። እግር አይታየውም።»

«የኔስ ፈተና?»

«ባንተ ቀንማ ቁርጭምጭሚቴ ሊወልቅ ነበር» አሉኝ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ ወድዳሃለች።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ፔዳሉን ረግጬ ማርሽ ሳስገባ ራሴ የቀጠልኩት ክላክስ አምባረቀብኝ፤ ልቤ ፈተናው ላይ ነበርና ደንግጬ ለቀቅኩት። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«አባባ፣ ይያዙልኝ» አልኩ።

እሳቸው ቀድመው ባዶውን ምንጣፍ በሁለት እግራቸው ረግጠውታል። በመሃላችን እጇን ሰድዳ የእጅ ፍሬኑን የሳበችው ሚስቴ ናት።

በማግስቱ ሽቦውን ቆርጬ ጣልኩትና ከፔዳሉ በስተግራ እግር ማሳረፊያ ብረት በየድኩላቸው። አማቴ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ሳለ ያ ባለታክሲ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ጠሩት።

«ና፣ ቁልፉን ስጠው» አሉት በዚያ ትልቅ ድምፃቸው። «ዲስኩ ደህና ነበር። የበላሁት እኔ ነኝ፣ በዚህች እግሬ።»

መንገዱ ሁሉ ሰማ። ስለ ዳገቱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ባለታክሲው ቁልፉን ሰጠኝ። «በመጀመሪያው ፈተና ያለፍከው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ።

አማቴ ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩት። «ያለፉት እሳቸው ናቸው።»