ከቆላ ሽቅብ የወጣው ነፋስ

መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ለእናቴ ለውዴ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ማሳ ደረሰቻት። ጉና ተራራ ሥር ካሉት ዘመዶቻችን ተለይተን ወረድን። በኅዳር የመጀመሪያው ስንዴያችን ተከመረ፤ ከዚያ ክምር ሌላ የምንበላው አልነበረንም።

ክምሩ በደቦ ሊወቃ በተቀጠረበት ዕለት አጎቴ አንዳርጌ ዘመድ አስከትለው፣ በሬ እየነዱ መጡ። ገና ሲደርሱ ከቆላው ሽቅብ ነፋስ ተነሣ። አጎቴም «ከቆላ የመጣ ነፋስ ሙቅ ነው፣ ያደርቅልናል፣ ክምሩን ናዱት» አሉ። እነሱ አገር ነፋስ ከተራራው እየወረደ ሁልጊዜ ደረቅ ነውና ማንም አልተቃወመም።

እኔ ግን ዓለምጸሐይን አየኋት። ሊያስተምሩን ከከተማ ከመጡት ዘማቾች አንዷ ናት። ዶማ ስትይዝ እጇ ውሃ ይቋጥራል፣ አህያ ትፈራለች፤ ስለ ሰማይ ስታወራ ግን አፍ ታስከፍታለች። በቀደም ኳስ ስትነፋ መንፊያውን አስነካችኝ፤ ግሎ ነበር። ከኳሱ ያመለጠው አየር ደግሞ ጣቴን አቀዘቀዘው። ከተራራ የሚወርድ አየር መንፊያው ውስጥ እንዳለው ታምቆ ይሞቃል፤ ሽቅብ የሚወጣው ግን ከላይ የሚጫነው አየር እየቀነሰ ይለጠጣል፣ ይበርዳል፣ እርጥበቱም ጉም ይሆናል አለችኝ።

ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው ሳቁ።

«አንቺ ምላሳም፣ እህል በኳስ ነው የሚወቃው?»

«በኳስስ አይወቃም፣ አያ። ነፋሱ ግን የሚሞቀው ቆላ ሳለ ነው። እዚህ እስኪደርስ ይበርዳል።»

እናቴ ዓለምጸሐይን አየቻት፤ እሷም ልክ ናት በሚል ራሷን ነቀነቀች። ደቦ ጠርቶ ሥራ ማስቆም ነውር ነው። እናቴ ግን፣

«ክምሩ እንዳይነካ። ጠላችሁን ጠጡ» አለች።

አጎቴ አኮረፉ። ጠላውን ግን አላኮረፉትም።

ዋንጫው ሳይዞር ከገደሉ ነጭ ጉም ተነሥቶ ዋጠን፤ ካፊያም ጣለ። የክምሩ ላይ ላዩ ራሰ እንጂ ውስጡ ደረቅ ነበር። ተንዶ ቢሆን ኖሮ ስንዴያችን ውድማው ላይ በበቀለ።

በማግስቱ ነፋሱ ዞሮ ከጉና ቁልቁል መጣ። ጉሙ እየሳሳ ጠፋ፣ ፊታችንን ሞቅ አለን፣ ነዶው በእጅ ሲታሽ ይንኮሻኮሽ ጀመር። ያኔ ክምሩ ተናደ፣ በሬዎቹም ገቡ። ማታ ስንዴው ጎተራ ሲገባ እናቴ የዓለምጸሐይን ግንባር ሳመች።

አጎቴ ግን መንፊያውን አስመጥተው ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ደጋግመው ገፉት። መንፊያው ጋለ። ወደ ተራራው ቀና ብለውም፣

«ለካ ጉናም እንዲህ እያደረገ ነው የሚያሞቀን» አሉ።