ሽብሩን የተከተለው ወንዝ

ማክሰኞ ጠዋት ሎጊያ ከተማ ስንነሳ ወንዙ ከሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ ከመኪናችን ኋላ ተኝቶ ነበር። ትልቅ ወንዝ አይደለም፤ ፍየል ዘላ ታልፈዋለች። ከበረሃ ጀምሮ የጎማችንን ዱካ ይዞ መጥቶ፣ ዱካው ባለቀበት ቆሟል። በር ሲያንኳኳ ዘበኛው ከፍቶለታል።

«የእናንተ መስሎኝ ነው» አለን ዘበኛው።

የኛ አይደለም ለማለት አፋችን አልደፈረም። ሽብሩ ሾፌር ነው፣ እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ቱሪስት ይዘን በረሃ እንወርዳለን። ሰኞ ባዶ መኪና ይዘን ስንመለስ፣ ሽብሩ በድንጋይ የተነጠፈውን መሻገሪያ ትቶ በወንዙ ውስጥ ለውስጥ ሽቅብ ነዳ። ጎማው ይቀዘቅዛል፣ መኪናውም በነጻ ይታጠባል ባይ ነው። ዳርና ዳሩን ደረማመስነው። ዘይታችን ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ሲሠራ «እንዴት ያምራል!» አለ። ሽብሩ እንደዚህ ነው፤ ያበላሸውን ነገር ቆሞ ያደንቃል።

ዳር ላይ አንዲት ሴት እጇን አንስታ ነበር። አፋር አገር መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ዳጉ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ቁጭ ተብሎ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ አድማጩ አይነሳም። ሽብሩ ክላክስ ነፍቶ አለፋት።

አሁን ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ወንዙን ዞር ብሎ አየውና «ይደክመዋል፣ ይመለሳል» አለ። ሞተር አስነሳን። ወንዙም ተነሳ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ፖሊሱ ገመዱን ሳያወርድ ወደ ኋላችን ተመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንዝ ነው» አለ ሽብሩ።

«ጭነት ነው ተሳፋሪ?»

«በራሱ ነው የሚመጣው።»

«እንግዲያው ከእናንተ ጋር አይደለም» አለና አሳለፈን። ወንዙ ላይ ግን ገመዱን መልሶ ወጠረበት። ወንዙ በሥሩ አለፈ። ፖሊሱ ጫማውን አውልቆ አራገፈና ወደ ጥላው ገባ።

ከኬላው ትንሽ እንዳለፍን ያቺው ሴት መንገዱ መሃል ቆማ አገኘናት። ሙሚና ትባላለች። ወንዙን ዳር ዳሩን ይዛ ስትከተለው አድራ፣ በአቋራጭ ቀድማናለች። ሽብሩ በዚህ ጊዜ ክላክስ አልነፋም።

«ፍየሎቼ መቆም አቅቷቸዋል» አለች። «ዛሬ ካልጠጡ ያልቃሉ። ወንዙን መልስ።»

«እኔ እኮ ና አላልኩትም፣ እናቴ።»

«መንገድ ሠራህለት። ውሃ መንገድ ካገኘ ይሄዳል።»

«እሺ፣ ልዙርና ይከተለኝ።»

«ከዞርክ ሌላ ዱካ ታወጣለህ፤ እሱም የሚፈስበት አልጋው የትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል። በመጣህበት ዱካ ላይ ተመለስ።»

«በኋላ ማርሽ?»

«በኋላ ማርሽ።»

ሽብሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ድስቶቼን ማስተካከል ጀመርኩ።

ሙሚና ከፊት ተቀመጠች። ሽብሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ነዳ። ወንዙ ጨዋ ነው፤ ጎማው በተጠጋው ቁጥር ሰብሰብ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፖሊሱ «መግባታችሁ ነው መውጣታችሁ?» ሲለን ሙሚና «መመለሳችን ነው» ብላ መለሰችለት። አስፋልቱን ለቀን በረሃ ስንገባ የሰበርናቸው ቁጥቋጦዎች እንደወደቁ ጠበቁን። ሽብሩ አንዱንም አላደነቀም። እኔም አፈርኩ፤ ሰኞ አንድ ቃል አልተናገርኩም ነበር።

መሻገሪያው ጋ ስንደርስ የሽብሩ አንገት ወደ ኋላ እንደዞረ ቀርቷል። ቢያሹትም አልተመለሰም። ፍየሎቹ በደረቀው አሸዋ ላይ ተኝተው ምላሳቸውን አውጥተዋል። ወንዙ አልጋው አፋፍ ላይ ደረሰና ቆመ። አልገባም።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ትናንት ሽብሩ ሁለታችንንም ነው ያለፈን» አለች ሙሚና። «እኔ ተናግሬ ወጥቶልኛል። ወንዙ ግን ገና አልተጠየቀም።»

አንዲት ግልገል ዓይኗን ጨፈነች። ሙሚና በስሟ ጠራቻት፤ አልገለጠችም። ሽብሩ ይህን ሲያይ ከመኪናው ወረደ። አንገቱ ስለዞረ ወደ አልጋው በጀርባው ሄዶ፣ አሸዋው መሃል ቁጭ አለ።

«ከየት መጣህ?» አለው ወንዙን። «ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ወንዙ ቀስ ብሎ ገባና አጠገቡ ተኛ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ግልገሏን ተሸክሜ አፏን ውሃው ላይ አደረግሁት፤ ጥቂት ቆይታ ጠጣች። አለቀስኩ። ፍየል ሲጠጣ አይቼ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። በድንጋዩ መሻገሪያ፣ በቀስታ አልፋለሁ፤ ሙሚና ካለች ወርጄ ዳጉ እንለዋወጣለን። ሽብሩ እዚያው ተቀምጧል፣ ፊቱ ወደ ኋላ እንደዞረ። ወንዙ ከተራራው ጀምሮ ያለውን ሁሉ እየነገረው ነው፤ ገና ሰኞ ላይ አልደረሰም። ውሃው እስከ ሽብሩ አገጭ ደርሷል። ፍየሎቹ ዙሪያውን ከበው ይጠጣሉ፣ እሱም በየመሃሉ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል።